“እንዲያድግበት” ተብሎ የማይገዛው ዕቃ፦ ለታዳጊ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ዱላ እንዴት ይመረጣል?

ናይሮቢ ውስጥ በሞምባሳ ጎዳና ዳር የሚገኘው ፓናሪ ሆቴል እአአ በ2005 ሰው ሠራሽ የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ከፈተ። ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቅ ከተማ በረዶ ላይ መንሸራተት ለብዙዎች የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ነበር። ከዚያ ሜዳ ግን “አይስ ላየንስ”፣ ማለትም “የበረዶ አንበሶች”፣ የተሰኘው የኬንያ የበረዶ ሆኪ ቡድን ተወለደ።

የቡድኑ አባላት በ2018 ወደ ካናዳ ተጉዘው ከዘመኑ ዝነኛ ተጫዋቾች መካከል ከሆኑት ከሲድኒ ክሮስቢና ከኔተን ማኪነን ጋር በአንድ ሜዳ ተጫውተዋል። በ2024 ደግሞ ኬንያ የዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን ተባባሪ አባል ሆናለች።

ምሥራቅ አፍሪካ ከዚህ ስፖርት ጋር ያለው ትስስር በናይሮቢ አያበቃም። ከኬንያዊ አባትና ከስዊድናዊት እናት ስቶክሆልም ውስጥ የተወለደው ጆኒ ኦዱያ ከቺካጎ ቡድን ጋር በ2013 እና በ2015 የሰሜን አሜሪካውን ታላቅ ሽልማት፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ሁለት ጊዜ አንስቷል።

ዛሬ በቶሮንቶ፣ በኤድመንተን፣ በሚኒያፖሊስና በስቶክሆልም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ቤተሰቦች የተወለዱ ልጆች የብርዱ ወራት ሲገባ የክፍል ጓደኞቻቸው ወደ በረዶ ሜዳ ሲወጡ ያያሉ። ቤት ተመልሰውም “እኔም ልጫወት” ይላሉ። እግር ኳስ እያዩ ያደጉ እናትና አባት ታዲያ ሱቅ ሄደው በመቶዎች ከሚቆጠሩ ዱላዎች ፊት ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ዋጋው ከአንዱ አንዱ በብዙ እጥፍ ይለያል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ወላጆች የሚመሩት ከልጅነታቸው ጀምሮ በሚያውቁት የቁጠባ ልማድ ነው። የደንብ ልብሱም ሆነ ጫማው “እንዲያድግበት” ተብሎ ሰፋ ብሎ ይገዛል። ለካፖርት ይህ ብልህነት ነው። ለሆኪ ዱላ ግን ገንዘቡን ከማባከን አልፎ ልጁ ጨዋታውን በትክክል እንዳይማር ያደርገዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ዱላው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል።

ዱላው ከምን ከምን ይሠራል?

በታኅሣሥ 29 የገናን ጨዋታ የተጫወተ ወይም ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የገና ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ ሩሯን የሚመታውም በዚያ ቆልማማ ጫፍ ነው። ጥሩ የገና ዱላ የሚገኘው ተፈጥሮ ራሷ ካጎበጠችው ቅርንጫፍ ነው፤ ቆራጩም ዛፉን ቀና ብሎ እያየ ይመርጣል።

የካናዳም ጥንታዊ ዱላዎች የተሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነበር። እስካሁን ከሚታወቁት የበረዶ ሆኪ ዱላዎች ሁሉ ቀዳሚ የሚባለው በ1830ዎቹ በኖቫ ስኮሺያ ግዛት፣ በኬፕ ብሬተን ደሴት፣ ከአንድ ወጥ የሜፕል እንጨት የተቀረጸ ነው። የካናዳ የታሪክ ሙዚየም በ2015 ይህን ዱላ በ300 ሺህ የካናዳ ዶላር ገዝቶታል።

የዛሬው ዱላ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅም ዘንግ ነው። ሁለተኛው በረዶውን የሚነካው ጠፍጣፋ መምቻ ነው። መምቻው ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ተረከዝ ይባላል። መምቻው የሚገፋትና የሚመታት ደግሞ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች፣ ፓክ የምትባል ክብ ዝርግ ነገር ናት።

መደበኛዋ ፓክ ከ156 እስከ 170 ግራም ትመዝናለች። በካናዳና በአሜሪካ ግን ለጀማሪ ሕጻናት 113 ግራም ገደማ የምትመዝን ሰማያዊ ፓክ ትሰጣለች። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ የአዋቂ ዕቃ በልጅ እጅ ሲገባ ልጁ የሚማረው ጨዋታውን ሳይሆን ከክብደት ጋር መታገልን ነው። በዱላም ላይ የሚሠራው ይኸው መርህ ነው።

ቁመቱ፦ ከአፍንጫ አይለፍ

የመጀመሪያው ልኬት ርዝመት ነው። ልጁ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን ሳያደርግ ቀጥ ብሎ ይቁም። የመምቻው ጫፍ ወለሉን እንዲነካ ተደርጎ ዘንጉ ከፊቱ ቀጥ ብሎ ይቁም። የዘንጉ የላይ ጫፍ በአፍና በአፍንጫ መካከል፣ ቢበዛ አፍንጫው ጫፍ ላይ ካረፈ ልኩ ነው። የበረዶ ጫማ ልጁን ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ስለሚያስረዝመው፣ ጫማውን አድርጎ ሲለካ ዱላው አገጩ ላይ ይደርሳል።

አንድ ቁመቱ 128 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ8 ዓመት ልጅ እናስብ። አፍንጫው ከወለሉ 115 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል፤ ለእሱ የሚስማማው ዱላም ወደዚያ የሚጠጋ ነው። “በሚቀጥለው ዓመትም ይሆነዋል” ተብሎ 135 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዱላ ቢገዛለት ግን የዱላው ጫፍ ከራሱ በላይ ይሆናል።

ረጅም ዱላ የያዘ ልጅ በሁለት ምልክቶች ይታወቃል። የላይኛው እጁ ከሆዱ ጋር ስለሚጋጭ ክንዱን ወደ ጎን ገትሮ ይይዛል። ፓኳም ከእግሩ ስለምትርቅ በቅርብ ሊቆጣጠራት አይችልም። ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ማለት ሲገባው ተገትሮ ይቆማል፤ የበረዶ ሆኪ ሚዛን ግን የሚጠበቀው ጉልበት ሲታጠፍ ነው።

ከልክ ያጠረ ዱላም ያው ጣጣ አለው። ልጁ ጉልበቱን ሳይሆን ወገቡን አጥፎ ይጎብጣል፤ ቀና ብሎ ጓደኞቹን ማየት ይሳነዋል።

ታዲያ ቁጠባው ምን ይሁን? ልጆች ከ5 ዓመት ዕድሜ እስከ ጉርምስና ድረስ በአማካይ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ። ስለዚህ ከልኩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የተረፈ ዱላ አይጎዳም። ከዚያ በላይ ለሆነው እድገት ሌላ መፍትሔ አለ፦ ዘንጉ ውስጡ ክፍት ከሆነ፣ ከላይ የሚሰካ መቀጠያ በጥቂት ገንዘብ ይሸጣል። ዱላውን ዛሬ በልኩ ገዝቶ ከወራት በኋላ መቀጠል፣ ዛሬ ረጅሙን ገዝቶ ልጁ እስኪያድግ ከመጠበቅ ይሻላል።

ሰዎች የማያዩት ቁጥር

ሁለተኛው ልኬት ጀማሪ ወላጆች በአብዛኛው የሚያልፉት ነው። በዘንጉ ላይ 20፣ 30፣ 50 ወይም 85 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። በሙያው ቋንቋ ፍሌክስ ይባላል። ዘንጉን በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለማጉበጥ ስንት ፓውንድ ኃይል እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ እንደ ልምጭ ይታጠፋል፤ በጨመረ መጠን እንደ ብረት ይገትራል።

ዱላ ለምን መጉበጥ አስፈለገው? ተጫዋቹ ሲመታ መምቻው መጀመሪያ የሚነካው ፓኳን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን በረዶ ነው። በዚያች ቅጽበት የሰውነቱ ክብደት ዘንጉን ያጎብጠዋል። ዘንጉ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲመለስ ያጠራቀመውን ኃይል ለፓኳ ይሰጣታል። ነገሩ ከቀስት ጋር ይመሳሰላል፤ ደጋኑ ካልተለጠጠ ፍላጻው አይበርም።

30 ፍሌክስ ያለውን ዘንግ በአንድ ኢንች ለማጉበጥ 14 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ኃይል ይበቃል። 85 ለሆነው ግን ወደ 39 ኪሎ ግራም ይጠይቃል። 26 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ መላ ሰውነቱን ቢጭንበት እንኳ እንዲህ ያለውን ዘንግ እንደሚገባው ሊያጎብጠው አይችልም። ስለዚህ በወገቡና በትከሻው ኃይል ፓኳን እንደ አካፋ መዛቅ ይጀምራል። ይህን ልማድ ካዳበረ በኋላ ማስተው ከባድ ነው።

ልኩን ለማወቅ በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ የልጁን ክብደት በፓውንድ ወስዶ ለሁለት ማካፈል ነው። በኪሎ ለሚመዝን ቤተሰብ ደግሞ ስሌቱ ይበልጥ ይቀላል፦ የልጁን ኪሎ ወስዶ ከአሥር አንድ እጅ መጨመር ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። 26 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 29 ገደማ፣ 40 ኪሎ ለሚመዝን ታዳጊ 44 ገደማ ይሆናል። ለትንንሾቹ ከዚህም ዝቅ እንዲል የሚመክሩ አሠልጣኞች አሉ፤ ከፍ እንዲል ግን አይመከርም።

አምራቾች ዱላዎችን በአራት መደብ ይከፍሏቸዋል። የሕጻናቱ በአብዛኛው ከ20 እስከ 35፣ የታዳጊዎቹ ከ40 እስከ 50 ገደማ፣ የመካከለኞቹ ከ55 እስከ 65 ገደማ፣ የአዋቂዎቹ ከ70 በላይ ፍሌክስ አላቸው። መደቡ በዕድሜ ቢሰየምም ወሳኙ ዕድሜ አይደለም። ቁመቱ ረዘም ብሎ ሰውነቱ ቀጠን ያለ ልጅ በርዝመት የታዳጊዎቹን መደብ ሲደርስ፣ በክብደት ገና የሕጻናቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ በታዳጊዎች ርዝመት የተሠሩ፣ ነገር ግን 20 ወይም 30 ፍሌክስ ያላቸው ዱላዎች ስላሉ ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

የዘንጉ ውፍረትም ይታይ። የሕጻናት ዘንግ ከአዋቂው ይቀጥናል፤ ልጁ ጓንቱን አድርጎ ጣቶቹን በዘንጉ ዙሪያ ማጠፍ ካልቻለ ዱላው የሱ አይደለም።

ቆርጦ ማሳጠር የሚያመጣው መዘዝ

በናይሮቢም ሆነ ስፖርቱ አዲስ በሆነባቸው ሌሎች ከተሞች ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜም የሚገኘው በልገሳ ነው፤ ከሚለገሱት ዱላዎች ውስጥም ለአዋቂ የተሠሩ ይኖሩበታል። ከታላቅ ወንድም ወይም ከአጎት ዱላ በሚወረስበት ቤትም ሁኔታው ያው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀላሉ መፍትሔ መጋዝ አንስቶ ማሳጠር ይመስላል።

ችግሩ ዘንግ በተቆረጠ ቁጥር እየገተረ መሄዱ ነው። አንድን ረጅም ሸንበቆ በሁለት እጅ ይዞ ማጉበጥ ቀላል ነው፤ ግማሹን ሰብሮ የቀረውን ለማጉበጥ መሞከር ግን ጉልበት ይፈጃል። ዱላም እንዲሁ ነው። ርዝመቱ 152 ሴንቲ ሜትር፣ ፍሌክሱ 85 የሆነ የአዋቂ ዱላ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢቆረጥለት ፍሌክሱ 100 ገደማ ይደርሳል። ለ8 ዓመት ልጅ እንዲሆን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ቢቆረጥ ደግሞ የሚቀረው ዕቃ መምቻ የተገጠመለት የማይታጠፍ ምሰሶ ነው።

ርዝመቱ አሁን ልክ ስለሆነ ችግሩ ለዓይን አይታይም። ልጁ ፓኳን ከበረዶው ማንሳት ሲያቅተው ከጎኑ ያለው ጓደኛው በቀላሉ ይወረውራታል። ወላጅ “አቅም የለውም” ይላል፤ ልጁም ያንኑ ያምናል። ጓደኛው የያዘው ዱላ 30፣ እሱ የያዘው ከ100 በላይ መሆኑን ማንም አያስተውልም።

ስለዚህ የአዋቂ ዱላ የተለገሰለት ማኅበር ዱላውን ለሕጻን ከማሳጠር ይልቅ ለአዋቂ ወይም ሰውነቱ ለጠነከረ ወጣት ቢሰጠው ይመረጣል። ለለጋሾችም መልእክቱ ግልጽ ነው፦ አንድ የሕጻን ዱላ ለጀማሪ ልጅ ከአምስት የአዋቂ ዱላዎች ይጠቅመዋል።

ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ለመቁረጥ ግን የሚከለክል ነገር የለም። በብዙ ዱላዎች ዘንግ ላይ ከላይ በኩል መስመሮች ተሠርተው፣ በየመስመሩ ቢቆረጥ ፍሌክሱ ስንት እንደሚሆን ተጽፎ ይገኛል። ዱላው ከካርበን ጭረት የተሠራ ከሆነ ብናኙ ለዓይንና ለሳንባ ስለማይስማማ ቆራጩ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሥራውም ደጅ ይሠራ። ክፍት የቀረው ጫፍ በመውደቅ ጊዜ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል በመክደኛ ይደፈን።

የግራ ወይስ የቀኝ?

የዛሬ ዱላዎች መምቻቸው ወደ አንድ ወገን የቀሰተ ነው። በዚህ ምክንያት የግራና የቀኝ ዱላ ተብለው ይለያሉ። መለያውም ወደ ታች የሚወርደው እጅ ነው፦ ግራ እጁን ወደ ታች አውርዶ የሚይዝ የግራ ዱላ፣ ቀኙን የሚያወርድ የቀኝ ዱላ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ልጁ በቀኝ እጁ ስለሚጽፍ ብቻ የቀኝ ዱላ ይገዙለታል። ነገር ግን ዱላውን የሚመራው ከላይ ያለው እጅ ነው፤ በአንድ እጅ ብቻ ተይዞ ፓኳን ለመንጠቅ ሲዘረጋም የሚሠራው ያው የላይኛው እጅ ነው። በቀኝ እጃቸው የሚጽፉ ብዙ ተጫዋቾች ብርቱውን እጃቸውን ከላይ አድርገው በግራ ዱላ ይጫወታሉ። በሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ ከግማሽ በላይ የሆኑት ተጫዋቾች የግራ ዱላ ይዘው ነው ሜዳ የሚገቡት።

ደንብ ሆኖ የተጻፈ ነገር ግን የለም። ኬንያውያኑ አብረዋቸው የተጫወቱት ሁለቱ ካናዳውያን ከአንድ አካባቢ፣ ከኖቫ ስኮሺያዋ ኮል ሃርበር፣ የወጡ ናቸው። ክሮስቢ የሚጫወተው በግራ፣ ማኪነን ግን በቀኝ ነው።

ልጁ የትኛው እንደሚስማማው ለማወቅ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ረጅም እጀታ ያለው የወለል መወልወያ ይሰጠውና ትንሽ ኳስ እንዲገፋ ይነገረው፤ እንዴት እንደሚይዝ ግን አይነገረው። ሁለት ሦስት ቀን እየቆዩ ደግሞ መሞከር ነው። ሳያስብበት ደጋግሞ ወደ ታች የሚያወርደው እጅ መልሱን ይሰጣል። በጣም ትንንሽ ለሆኑና ገና ላልለየላቸው ልጆች መምቻቸው ቀጥ ያለ ዱላዎች አሉ።

ቅስቱና ማዕዘኑ

ቀሳታ መምቻ በስፋት የተለመደው በ1960ዎቹ ነው፤ በተለይ የቺካጎዎቹ ስታን ሚኪታና ቦቢ ኸል ስም አብሮ ይነሳል። ቅስቱ ፓኳን ከበረዶው ለማንሳትና ለማሽከርከር ይረዳል። በአንጻሩ በመምቻው ጀርባ መምታትንና የተላከን ፓክ መቀበልን ያከብዳል።

ለጀማሪ ልጅ የሚመከረው ለዘብ ያለ ቅስት ነው። ልጁ የሚያደንቀው ኮከብ ስም የተጻፈበት፣ በጣም የቀሰተ መምቻ ዓይን ይስባል። ያ ኮከብ ግን በዚያ መምቻ መጫወት የጀመረው በቀላሉ መቀበልና ማቀበል ከተማረ በኋላ ነው።

የመጨረሻው ልኬት ዘንጉና መምቻው የሚገናኙበት ማዕዘን ነው። በአብዛኛው ከ4 እስከ 7 ባሉ ቁጥሮች ይገለጻል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዝቅ ሲል ወደ በረዶው ያዘነብላል። ግቡ ልጁ በተለመደው አቋቋሙ ጉልበቱን አጥፎ ሲቆም መምቻው ከዳር እስከ ዳር በረዶውን እንዲነካ ነው።

ይህን በሱቅ ውስጥ በትክክል ማወቅ ያስቸግራል፤ ከጥቂት ሳምንታት ጨዋታ በኋላ ግን ዱላው ራሱ ይናገራል። በመምቻው ላይ የሚጠቀለለው የጨርቅ ፕላስተር ከታች እኩል ከተበላ ሁሉም ደኅና ነው። በተረከዙ በኩል ብቻ ከተበላ ዱላው ረዝሟል፣ ወይም የማዕዘኑ ቁጥር ከፍ ብሏል። በጫፉ በኩል ብቻ ከተበላ ደግሞ ዱላው አጥሯል፣ ወይም ቁጥሩ ዝቅ ብሏል። አሮጌው ፕላስተር ከመጣሉ በፊት ገልብጦ ማየት ለሚቀጥለው ግዢ ጥሩ መረጃ ይሰጣል።

ውድ ዱላ ይሻላል?

ለረጅም ዘመን ዱላ ማለት እንጨት ማለት ነበር። በኋላ አልሙኒየም መጣ፤ ከ2000 ወዲህ ደግሞ ከካርበን ጭረትና ከሙጫ በአንድ ወጥ የሚሠሩት ቀላል ዱላዎች ገበያውን ያዙት። ዛሬ በታላላቅ ሊጎች ከእነዚህ ሌላ ማየት ብርቅ ነው። ምርጥ የሚባሉት የአዋቂ ዱላዎች ዋጋ ከ300 የአሜሪካ ዶላር በላይ ደርሷል።

የውድ ዱላ ጥቅም በዋናነት ቅለቱና ኃይልን በፍጥነት መልሶ መልቀቁ ነው። ይህን ጥቅም ለማውጣት ግን ተጫዋቹ ዘንጉን በትክክል ማጉበጥን መቻል አለበት። ገና መንሸራተት እየተማረ ላለ ልጅ ልዩነቱ ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም። ከዚህም በላይ ቀላሎቹ ዱላዎች በአንድ ኃይለኛ ግጭት ለሁለት ሊሰበሩ ይችላሉ፤ አምራቾች የሚሰጡት ዋስትና ደግሞ በአብዛኛው ከአንድ ወር ገደማ አያልፍም።

ለመጀመሪያው ዓመት በርዝመትና በፍሌክስ ልክ የሆነ፣ በዋጋ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ የሆነ ዱላ ይበቃል። የእንጨት ዱላም ለጀማሪ ነውር አይደለም፤ ክብደቱና ግትርነቱ ግን ለትንንሽ ልጆች ሊበዛ ስለሚችል በእጅ ይዞ መሞከር ያስፈልጋል።

ያገለገለ ዱላ መግዛትም አስተዋይነት ነው፤ ልጆች ዱላው ሳያረጅ ያድጉበታልና በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ዕቃ በየቦታው ይገኛል። ከመግዛት በፊት ግን ሦስት ነገሮች ይፈተሹ። መምቻው በአውራ ጣት ሲጫን የሚሰረጉድ ቦታ ካለው ውስጡ ተሰብሯል። ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ሲንኳኳ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት ሲገባው የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ተሰንጥቋል። በዘንጉ ላይ በተለይ ከተረከዙ ከፍ ብሎ ጥልቅ ጭረት ከታየ በቅርብ ጊዜ ይሰበራል።

ሱቅ ውስጥ፣ በቅደም ተከተል

እንግዲህ ከልጅዎ ጋር ሱቅ ሲገቡ ሦስት ነገሮችን ይዘው ይግቡ፦ የልጁን ክብደት በኪሎ፣ ከወለል እስከ አፍንጫው ያለውን ቁመት በሴንቲ ሜትር፣ እንዲሁም ወደ ታች የሚያወርደው እጅ የትኛው እንደሆነ።

መጀመሪያ የግራውን ወይም የቀኙን መደርደሪያ ይለዩ። ከዚያ ለክብደቱ የሚስማማውን ፍሌክስ ይፈልጉ፤ ርዝመትን ማስተካከል ይቻላል፣ ገታራን ዘንግ ማለስለስ ግን አይቻልም። ሦስተኛ ርዝመቱን ይለኩ። አራተኛ ልጁ መምቻውን ወለሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ዘንጉን ወደ ታች ይጫን፤ ዘንጉ ለዓይን በሚታይ ሁኔታ መጉበጥ አለበት። ቀለሙና ዋጋው የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልጅዎ በረኛ መሆን ከፈለገ ግን የበረኛ ዱላ የራሱ ቅርጽና ልኬት ስላለው ለብቻው ይጠይቁ።

ዱላው ከተገዛ በኋላም ልኬቱ አያበቃም። የብርዱ ወራት በገባ ቁጥር፣ ናይሮቢን በመሰለ ከተማ ደግሞ በየስድስት ወሩ፣ ልጁን ከዱላው ጎን አቁሞ ማየትና መመዘን ተገቢ ነው። ዱላው ከአገጩ በታች ከወረደ፣ ወይም ልጁ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ከጨመረ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። ያጠረበት ዱላ ተሰባሪ ካልሆነ ለሌላ ጀማሪ ይተላለፍ፤ ብዙ ቡድኖች ለጀማሪዎቻቸው የሚያጡት ሳይቆረጥ ልክ የሚሆን የሕጻን ዱላ ነው።